ዕቅድ ሚዛን አይደለም፦ ስለ ገለምሶ ጫትና ስለማይቆጠረው ወጪ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ውስጥ «አፈጻጸም» የሚባል ኃያል ቃል አለ። በየሩብ ዓመቱ አንድ ኃላፊ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጥና ከወጪ ንግድ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ለማግኘት ታቅዶ ይህን ያህሉ ተገኘ፣ አፈጻጸሙም ይህን ያህል በመቶ ነው ይለናል። ዕቅዱ ከሞላ ምስጋናው ለፖሊሲው ነው። ካልሞላ ደግሞ ጥፋተኛው ገና ሪፖርቱ ሳይነበብ የታወቀ ነው፤ ስሙ ኮንትሮባንድ ይባላል። ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ ቴሌቪዥኑ ያስተላልፋል፣ እኛም ወደየሥራችን እንመለሳለን። ለመሆኑ ያ ዕቅድ ከየት መጣ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው «ብዙ» ወይም «ጥቂት» የተባለው? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን ማንሳት የሚፈልገው በጫት ነው። «ጫት» የሚለው ቃል ሲነሣ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አንባብያን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅሬታቸውንም አልንቅም። ነገር ግን እንደ አገር የምናደርገው ነገር ያሳፍራል፤ ዶላሩን እንወድዳለን፣ ቅጠሉን እናፍራለን፣ ገበሬውን ደግሞ እንረሳለን። የምናፍርበትን ነገር በደንብ አንቆጥርም። ባልቆጠርነው ነገር ላይ ግን መመሪያ ማውጣት አይቸግረንም።

ገለምሶ በምዕራብ ሐረርጌ የሐብሮ ወረዳ ከተማ ናት። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከተማይቱን ባያውቃት እንኳ ስሟን ያውቀዋል፤ በጫት ቤቶች ደጃፍ ላይ ከበለጬና ከአወዳይ ጋር ተጽፎ ያነበዋልና። ለኔ ጉዳይ ዋናው ነገር የከተማይቱ አቀማመጥ ነው። ከገለምሶ የሚነሣ ጫት ወደ ዋናው የሐረርጌ አውራ ጎዳና ከደረሰ በኋላ ሁለት ምርጫ አለው። ወደ ግራ ከዞረ በሚኤሶና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ወደ ቀኝ ከዞረ በሂርና በኩል ወደ አወዳይና ወደ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ ጅቡቲና ሐርጌሳ አሉ። የግራው መንገድ ጫት የአገር ውስጥ ንግድ ነው። የቀኙ መንገድ ጫት ድንበር ሲሻገር «የወጪ ንግድ» ይባላልና ፈቃድ፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋና የውጭ ምንዛሪ ግዴታ ይከተሉታል። ቅጠሉ አንድ ነው፤ የለቀመውም እጅ አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ፖሊሲ ነው።

የንግድ ኢኮኖሚስቶች ይህን ዓይነት ነገር ለማየት ብዙ ደክመዋል። ሆላንዳዊው ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962 በሁለት አገሮች መካከል የሚደረገው ንግድ ከኢኮኖሚያቸው ስፋት ጋር እንደሚጨምርና ከርቀታቸው ጋር እንደሚቀንስ በቁጥር አሳየ። ከፊዚክስ የስበት ሕግ ጋር ስለተመሳሰለ የስበት ቀመር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ጆን ማካለም በዚሁ ቀመር የካናዳ ክፍለ ሀገሮችን ንግድ መዘነ፤ ስፋትና ርቀት ተቀናንሶ የካናዳ ክፍለ ሀገሮች እርስ በርሳቸው የሚነግዱት ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር ከሚነግዱት 22 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት የለም፣ ታሪፉም ያን ያህል አልነበረም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ ተብሎ ለዓመታት ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄምስ አንደርሰንና ኤሪክ ቫን ዊንኮፕ መልስ አቀረቡ። ነጥባቸው ሲበዛ ቀላል ነው፦ አንድ መንገድ የሚያስከትለው ወጪ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ሻጩ ካሉት ሌሎች መንገዶች ሁሉ ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ካልታየ በስተቀር። በዚህ ሒሳብ የድንበሩ ጫና በእጅጉ ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን። በበለጸጉት አገሮች መካከል እንኳ ድንበር ንግድን ከ20 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል አሉ።

የገለምሶ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም። ማለዳ ስልኩን አንሥቶ የአዲስ አበባውንና የድሬዳዋውን ዋጋ ጠይቆ መኪናው ወዴት እንደሚዞር ይወስናል። እያንዳንዱ ማለዳ አንድ ፈተና፣ እያንዳንዱ መኪና አንድ መልስ ነው። በቀኙ መንገድ ላይ አዲስ መመሪያ በወጣ ማግሥት የግራው መንገድ ምንም ለውጥ አልገጠመውምና ሁለቱን ማነጻጸር ብቻ የመመሪያውን ዋጋ ሊነግረን በተገባ ነበር። (እርግጥ ነው፣ ከቀኝ የተመለሰው ጫት ወደ ግራ ሲጎርፍ የአዲስ አበባውንም ዋጋ ያወርዳል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ጉዳቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ተማሪዎቼ ይህን ነጥብ በፈተና ላይ ሁልጊዜ ይስቱታል።)

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2011 በጀት ዓመት ከጫት ወጪ ንግድ የተገኘው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2013 ከ400 ሚሊዮን አለፈ። በ2015 ወደ 250 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ለ400ው ምስጋና ቀረበ፤ ለ250ው ኮንትሮባንድ ተወገዘ። እስቲ በዚያ ጊዜ የሆነውን እንቁጠር። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኬንያ ሚራ ከሶማሊያ ገበያ ታግዶ ቆየ። ማለትም የምስጋናው ዓመት ዋና ተፎካካሪያችን በሩ የተዘጋበት ዓመት ነበር። ያ በር በሐምሌ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ የ2015 በጀት ዓመት በገባበት ወር መሆኑ ነው። በ2014 አጋማሽ ብሔራዊ ባንክ ላኪው ካገኘው ዶላር 20 በመቶውን ብቻ ይዞ ሌላውን በይፋዊው ምንዛሪ እንዲያስረክብ አዘዘ። በጥቁር ገበያና በባንክ መካከል ያለው ልዩነት በዚያው ወቅት ተለጠጠ። በ2015 አጋማሽ ላስ አኖድ ላይ ጦርነት ተነሣና ሶማሌላንድ ታወከች። የንግድ ሚኒስቴሩ ለየመዳረሻው የሚቆርጠው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋም በእነዚህ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋወጠ።

እንግዲህ ከጠፋው 150 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ የኬንያ ድርሻ ስንት ነው? የጦርነቱስ? የብሔራዊ ባንኩስ? የዝቅተኛው ዋጋስ? «ኮንትሮባንድ» ለዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም። ኮንትሮባንድ እንደ ትኩሳት ነው፤ ሐኪም በሽተኛውን «በሽታህ ትኩሳት ነው» ብሎ ቢያሰናብተው ምን እንለዋለን?

የምንዛሪውን ድርሻ ለመገመት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩ እጥፍ ነው እንበል፤ በ2015 ዓ.ም. ከዚህ እጅግ አልራቀም። ላኪው ከ100 ዶላር 80ውን በግማሽ ዋጋ አስረከበ ማለት 40 ዶላር ተወሰደበት ማለት ነው። ይህ 40 በመቶ የወጪ ንግድ ግብር ነው። በየትኛውም አዋጅ ውስጥ «ግብር» ተብሎ አልተጻፈም፣ ምክር ቤት አልመከረበትም፣ በበጀት ሰነድ ላይም አይታይም። ኋላ የላኪው ድርሻ ወደ 40 በመቶ ሲያድግ ይኸው ስውር ግብር በዚያው ስሌት ወደ 30 በመቶ ዝቅ አለ። 30 በመቶ ቀረጥ በጫት ላይ በአዋጅ ቢጣል ኖሮ ሐረርጌ ምን ትል ነበር? በመመሪያ ሲሆን ግን «የውጭ ምንዛሪ አስተዳደር» ይባላል።

የዝቅተኛው ዋጋ ነገር ከዚህ ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ጊዜ ወስደን እንየው። መንግሥት የሚያቀርበው ምክንያት ውሸት አይደለም። ላኪው ያገኘውን ዶላር በግማሽ ዋጋ የሚያስረክብ ከሆነ በ9 ዶላር ሸጦ «በ5 ሸጥኩ» ማለት ያዋጣዋል፤ ልዩነቱን ሐርጌሳ ወይም ዱባይ ይተወዋል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጃግዲሽ ባግዋቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በቱርክ ንግድ ላይ፣ ሬይመንድ ፊስማንና ሻንግጂን ዌይ እ.ኤ.አ. በ2004 በሆንግ ኮንግና በቻይና መካከል ባለው ንግድ ላይ የሁለቱን ወገን መዝገብ አስተያይተው ማጭበርበሩ ከቀረጡ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ቀረጥ ስወራው ወደ 3 በመቶ ይጨምራል። ሚኒስቴሩም ይህን ለመግታት ከዚህ ዋጋ በታች አትሸጥም አለ። እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል።

አሁን ገዢው በእውነት የሚከፍለው በኪሎ 6 ዶላር፣ የተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ደግሞ 9 ዶላር ቢሆንስ? (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።) 100 ኪሎ የላከ ነጋዴ 600 ዶላር አግኝቶ 900 እንዲያስገባ ይጠየቃል። ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው 300ውን ከጥቁር ገበያ ገዝቶ መሙላት ነው፤ ይኸውም የጥቁር ገበያውን ዋጋ ይበልጥ ያንረዋል። ሁለተኛው መላኩን መተው ነው። ሦስተኛው 66 ኪሎ ብቻ አስመዝግቦ 34ቱን ሳያስመዘግብ ማሳለፍ ነው፤ 66 በ9 ሲባዛ 594 ነውና ሒሳቡ ከሞላ ጎደል ይገጥማል። በሦስተኛው መንገድ የተጓዘው ጫት በሪፖርቱ ላይ እንዴት ይታያል? መጠኑ በሦስተኛ እጅ የቀነሰ፣ ዋጋው ግን የጨመረ ሆኖ ይታያል። ኃላፊው ይህን አይቶ «ዋጋው ተሻሽሏል፤ መጠኑን ያሳነሰው ኮንትሮባንድ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ኮንትሮባንዱን ግን የወለደው እሱ የፈረመበት ወረቀት ነው። ከወሰን በላይ የተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ የራሱን ኮንትሮባንዲስት ያመርታል፤ ከዚያም እሱን ለመያዝ ተጨማሪ ኬላ ያስፈልጋል፤ ኬላው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ለመንግሥት ጠበቃ ልቁምለትና ከሁሉ የጠነከረውን ክርክር ላቅርብ። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ሌላ ጫት የምታገኝበት ቦታ የላትም ማለት ይቻላል። ብቸኛ ሻጭ የሆነ ሰው ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ገቢው ያድጋል፤ ተገበያዩ የሚቀንሰው መጠን ዋጋው ከጨመረበት እስካነሰ ድረስ። ይህ ትምህርታዊ ወግ አይደለም፤ ቡና ላኪ አገሮች አንድ ሰሞን ኮታ የተከፋፈሉትም በዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ በጅቡቲ መሥመር ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል። በሶማሌላንድ መሥመር ግን ድንበሩ ረጅምና ክፍት ነው፤ ዋጋው ሲንር ቅጠሉ ያለ ወረቀት ይሻገራል። ወደ ደቡብ ወደ ሞቃዲሾ ስንወርድ ደግሞ የኬንያ ሚራ በአውሮፕላን ይጠብቀናል። ሦስቱ ገበያዎች ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሮቹን ለማወቅ መገመት፣ ለመገመትም መረጃ መሰብሰብ ያስፈልጋል። እኔ ዝቅተኛ ዋጋ ምንጊዜም ስሕተት ነው አላልኩም፤ ያልኩት ስሕተት መሆን አለመሆኑን ሳያውቁ መቁረጥ ስሕተት ነው ነው።

ታሪክም ይህን ያስተምረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የእንግሊዝ አስተዳደር በኤደን ቅኝ ግዛት ውስጥ ጫትን ከለከለ። ያን ጊዜ የሐረርጌ ጫት ከድሬዳዋ ተነሥቶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤደን ይገባ ነበር። ክልከላው ከቅኝ ግዛቱ ወሰን አያልፍምና የኤደን ቃሚ አውቶቡስ እየተሳፈረ ወሰኑን ተሻግሮ መቃም ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዞቹ ክልከላውን አነሡት። በመድፍ የጸና ወደብ የነበረው አስተዳደር ያልቻለውን እኛ በጅግጅጋ ሜዳ ላይ በገመድ ኬላ እንችለዋለን ብለን እናምናለን።

ወጪው በዶላር ብቻ የሚለካ አለመሆኑም መነሣት አለበት። ዴቪድ ሃመልስና ጆርጅ ሻወር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ዕቃ በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው አንዲት ተጨማሪ ቀን ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ ታሪፍ ያህል ትመዝናለች። ይህ ለአሜሪካ ገቢ ዕቃ ነው። ጫትስ? በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ነጋዴው በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ ሾፌሩን በሌሊት የሚያስከንፈው ለዚህ ነው። ለብረት ነጋዴ ግማሽ ቀን ኬላ ላይ መቆም ብስጭት ነው፤ ለጫት ነጋዴ የዕቃው ሩብ ወይም ግማሽ ዋጋ ነው። ስለዚህም የኬላ ሠራተኛ «ወረቀቱን እስክናጣራ ጠብቅ» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ፓርላማ ሊጥለው የማይደፍረውን ቀረጥ ይጥላል። ላለመጠበቅም የሚከፈል ነገር አለ፤ ደረሰኝ የለውም።

ይህን ሁሉ በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? ነጋዴው እንዳይመስላችሁ። ነጋዴው መኪናውን ወደ ግራ ሊያዞር፣ ገንዘቡን ወደ ሌላ ንግድ ሊያዛውር ይችላል። ገዢው ጅቡቲያዊም ከዋጋው ሸሽቶ ሊቀንስ ይችላል። የደረሰ ቅጠል ዛፉ ላይ ያለው ገበሬ ግን ወዴት ይሸሻል? ጎተራ አያስገባው፣ ነገ አይጠብቀው። በአቅርቦትና በፍላጎት መካከል መሸሽ ያልቻለው ወገን ቀረጡን ይሸከማል የሚለው ሕግ በመጀመሪያ ዓመት ኢኮኖሚክስ የምናስተምረው ነው። የሐብሮ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል «ገበያ ተመልካች» ብለን አመሰገንነው፣ አንዳንዴም ወቀስነው። ቡናው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምርት ገበያው በኩል ብቻ እንዲያልፍ ሲገደድ ጫቱ ነጻ ስለነበር መዞሩ የሚያስገርም አልነበረም፤ የነቀላው ታሪክ ከዚያ ቢቀድምም። አሁን ጫቱንም ተከትለነው ደረስን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የላኪውም ድርሻ ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ያ የ30 በመቶ ስውር ግብር በአብዛኛው ተናደ ማለት ነው። ኬላው ግን በቦታው ነበረ፣ ዝቅተኛው ዋጋም እንዲሁ። ተመራማሪ ሁሉ በሕልሙ የሚመኘው ሁኔታ ይህ ነው፦ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ብቻ በታወቀ ቀን ሲነሣ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ በግራና በቀኝ መንገድ የተጓዘውን ጫት ዋጋ ብናስተያይ የምንዛሪው ድርሻ ከሌላው ይለያል። ይህን ያደረገ የመንግሥት ሪፖርት በአደባባይ ቀርቦ አላየሁም፤ ያየ አንባቢ ካለ ቢልክልኝ ይቅርታ ጠይቄ አስተካክላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳንቶስ ሲልቫና ቴንሬይሮ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በስበት ቀመር ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁሉ የሚፈጽሙትን አንድ ስሕተት አጋለጡ። ቀመሩ በሎጋሪዝም ሲሰላ ዜሮ የሆነ ንግድ ከስሌቱ ይወድቃል፤ የዜሮ ሎጋሪዝም የለምና። ስለዚህ ወጪው ከብዶት ጭራሽ መነገድ ያቆመው ወገን አይቆጠርም፣ የሚቆጠሩት የተረፉት ናቸው፣ ውጤቱም ይዛባል። የእኛም ሪፖርት እንደዚያው ነው። ፈቃድ አድሶ በዚህ ሩብ ዓመት የላከው ነጋዴ በሠንጠረዡ አለ። ተስፋ ቆርጦ አይሱዙውን ሸጦ አሸዋ ማመላለስ የጀመረው የለም። ፖሊሲው ክፉኛ የጎዳው ግን እሱ ነው፤ ዜሮ ሆኗልና አይታይም።

የሚያስፈልገው መረጃ ከባድ አይደለም። የገለምሶ የማለዳ ዋጋ፣ የአዲስ አበባ የከሰዓት ዋጋ፣ የድሬዳዋና የሐርጌሳ ዋጋ፣ የነዳጅና የኪራይ ሒሳብ። በሁለት ገበያዎች ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ማጓጓዣው ሲቀነስ የሚተርፈው፣ የነጋዴው ትርፍም ከግምት ገብቶ፣ የፖሊሲው ወጪ ነው። አንደርሰንና ቫን ዊንኮፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚህ ዓይነት ድመራ የበለጸጉት አገሮች አማካይ የንግድ ወጪ የ170 በመቶ ታሪፍ አቻ መሆኑን አሰሉ፤ ከዚያ ውስጥ ማጓጓዣው 21 በመቶ ብቻ ነበር፣ ድንበር 44፣ የአገር ውስጥ ጅምላና ችርቻሮ 55። (ስለሚባዙ እንጂ ስለማይደመሩ ነው 170 የሚሆኑት።) የእኛ ኃላፊዎች ግን ስለ ንግድ ወጪ ሲናገሩ መንገድና ባቡር ብቻ ይቆጥራሉ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል፣ በሚኤሶም ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን ባቡር አይሳፈርም።

መረጃውን ለመፈለግ ራሴ ሞክሬአለሁ። ለሁለት ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ሌላ ቢሆንም ያው ነበር። የጠየቅሁት የኮቴ ደረሰኝ ቀሪዎችን ነበር። በየዕለቱ ስንት መኪና፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የት እንዳለፈ የሚናገረው ያ ካርቦን ቅጂ ነውና። የተቀበሉኝ ሰው ትሑት ነበሩ፤ ወንበር ስበው፣ ሻይ አዝዘው፣ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ደረሰኙ ገንዘቡ መግባቱ ከተመሳከረ በኋላ ወዲያው እንደሚወገድ፣ የሚቀረው የወሩ ድምር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ድምሩን ልውሰድ ስል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት አዙረው አሳዩኝ። በአንዱ ዓምድ ዕቅድ፣ በሁለተኛው ክንውን፣ በሦስተኛው አፈጻጸም በመቶኛ ተጽፎ ነበር።